ሆፕ በጓሮ

ሆፕ (ሁሙሉስ ሉፑሉስ) ለቢራ መራራ ጣዕምና መዓዛ የሚሰጥ፣ ሥሩ ለብዙ ዓመታት የሚኖር ሐረግ ነው። በአሜሪካ በስፋት የሚለማው በዋሽንግተን ግዛት በያኪማ ሸለቆ ሲሆን በጓሮም ይተከላል። ለቢራ የሚፈለገው የሴቴዋ ፍሬ ስለሆነ፣ ከዘር ይልቅ ከሴት ተክል የተቆረጠ የሥር ቁራጭ መትከል ይሻላል።

ዋናው ሥራ ድጋፍ ማቆም ነው። ሐረጉ በግንዱ ላይ ባሉት ሻካራ ፀጉሮች እየተያዘ፣ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይጠመጠማል፤ በአንድ ወቅትም 5 ሜትርና ከዚያ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ለስላሳ ሽቦ አይመቸውም፤ ሻካራ የቃጫ ገመድ ይመረጣል። ለእያንዳንዱ ገመድ 2 ወይም 3 ብርቱ ቡቃያ ትቶ ሌላውን መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች ለመቁረጥ ይሳሳሉ፣ ነገር ግን የታፈነ ሐረግ በሻጋታ በሽታ በቀላሉ ይጠቃል። ገመዱን ምሰሶው ጫፍ ላይ በመዘውር ማንጠልጠል እጅግ ብልህ ዘዴ ነው፤ ፍሬው ሲደርስ ሐረጉ ወደ መሬት ይወርዳል፣ መሰላልም አያስፈልግም።

ፍሬው መድረሱ የሚታወቀው ሲነኩት እንደ ወረቀት ሲንኮሻኮሽና ውስጡ ያለው ሉፑሊን የተባለ ብናኝ ደማቅ ቢጫ ሲሆን ነው። ውሻ ከበላው ሊገድለው ስለሚችል የወደቀውን መልቀም ግድ ነው።

ሆፕ ረጅም የበጋ ቀንና ብርዳማ ወራት ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ጓሮ ጠላና ጠጅ የሚመረርበት ጌሾ ግን ድጋፍ የማይሻ ቁጥቋጦ ነው፤ ከእሱም ቅጠሉና እንጨቱ ይወሰዳል።