የነዳጅ ዋጋና የሕዝብ ዝምታ፦ ከ1966 ዓ.ም. እስከ ዛሬ



በ1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ጭማሪ አዲስ አበባን አናወጠ። በዘመናችን ከዚያ የላቀ ጭማሪ ሲታወጅ ግን አደባባዩ ጸጥ ይላል። ይህ ዝምታ ግድየለሽነት ነውን? የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

በ1966 መግቢያ የተቀሰቀሰው የዐረቦችና የእስራኤል ጦርነት የነዳጅን ዋጋ በዓለም ገበያ አናረው። መንግሥት በአገር ውስጥ የቤንዚንን ዋጋ በግማሽ ያህል ሲጨምር፣ የታክሲ ታሪፍ ባለበት ቆየ። ጭማሪው ያረፈው እንግዲህ በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ነበር። የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም የትምህርት ሴክተር ሪቪውን ተቃውመው አደሙ። ከቀናት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ዋጋውን ቀነሱ፤ ወሩ ሳያልቅም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። እርግጥ ነው፣ የወሎ ረኀብና የነገሌ ቦረና ወታደሮች ዐመፅ መንገዱን ጠርገው ነበር። ቢሆንም ነጂዎቹ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ፣ በአንድነት መጎዳታቸው ድምፃቸውን አንድ አደረገው።

በዚያው ዘመን እዚህ በአርሲ የሆነው የተለየ ነው። መቀመጫውን አሰላ ላይ ያደረገው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ በጀመረባቸው ዓመታት፣ በርካታ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አስለቀቁ። የሞተሩን ዋጋ የከፈለው ሞተር ያልነበረው ሰው ነው። የከፈለውም በየጎጆው፣ በተለያየ ጊዜ፣ ለብቻው ስለነበር ጩኸቱ ከመዲናዪቱ አልደረሰም። ዝምታው ግን ፈቃድ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲወጣ የገበሬ ማኅበራት በአርሲ በፍጥነት ተቋቋሙ።

የዛሬው ዝምታ የሚመስለው የጭላሎን እንጂ የታክሲ ነጂዎቹን ሁኔታ አይደለም። በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን በሰኔ 2014 መጨረሻ 47.83 ብር ገባ፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ደግሞ 101.47 ብር ደረሰ። ነገር ግን ጭማሪው በየደረጃው መጣ፤ የታለመው ድጎማም የሕዝብ ማመላለሻውን ከግል ባለመኪናው ለየ። የጭነት ማመላለሻው ወጪ በጤፍና በሽንኩርት ዋጋ ውስጥ ይሰወራል፤ ሸማቹም ነጋዴውን ይወቅሳል። በትራፊክ ደንብ የተቀጣ አሽከርካሪ ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር የሚቆመው ብቻውን ነው። በመዲናዪቱ የመኪና ማቆሚያ ክፍያ የሚሰበስቡት አብዛኛውን ጊዜ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ባለመኪናው የክፍያውን ሕጋዊነት ልጠይቅ ቢል፣ ከፊቱ የሚያገኘው ሕግ አውጪውን ሳይሆን የዕለት እንጀራውን የሚፈልግ ልጅ ነው። እናም ከፍሎ ይሄዳል።

ፍርሃትስ ወዴት ሄደ የሚል ይኖራል። ፍርሃት አለ። በ1966ም ነበረ፤ ነጂዎቹን ግን አላገዳቸውም። ልዩነቱን የሚያስረዳው የሸክሙ አከፋፈል ነው፦ አብሮ የወደቀ ሸክም አብሮ ያስጮኻል፤ ተቆራርሶ የታደለ ሸክም ግን እያንዳንዱን በየቤቱ ያስተክዛል።

ይህ ለታሪክ ተማሪ የሥራ መመሪያ ነው። ሰልፍና አድማ መዝገብ ይተዋሉ፤ ዝምታ ግን የሚተወው ደረሰኝ ብቻ ነው። የባጃጅ ነጂውን የቀን ሂሳብ፣ የቅጣት ወረቀቱን፣ የማቆሚያ ትኬቱን እንደ ታሪክ ሰነድ ሰብስቡ። ያን ካላደረግን የነገው ጸሐፊ የዚህን ትውልድ ጸጥታ እንደ ስምምነት ይመዘግበዋል።