የአረር ልባስ፦ እርሳስ ለምን መዳብ ለበሰ?

«ጥይት» የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው። ቀለሁን፣ ካፕሱሉን፣ ባሩዱንና ከአፈሙዝ የሚወጣውን ነገር ሁሉ በአንድ ስም ይጠራል። የሚወጣው ግን የራሱ ስም አለው፤ አረር ይባላል። እዚህ የምንነጋገረው ስለ አረር፣ ከአረርም ስለ ላይኛው ቆዳው ነው። የዛሬው የጠመንጃ አረር በአብዛኛው ውስጡ እርሳስ ሲሆን፣ ላዩን ከአንድ ሚሊሜትር የሳሳ መዳብ ይዞታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን መዳብ «ጃኬት» ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ «የአረር ልባስ» ብለነዋል።

«ሽፋን» ቢባልስ? ሽፋን ሲባል ሁሉንም የከደነ ይመስላል። ልባስ ግን ከፊሉን ገላ ገልጦ ሊተው ይችላል፤ ይህች ልዩነት ደግሞ ዓለም አቀፍ ሕግ አስወጥታለች። እንግሊዞች ካልካታ አጠገብ ደምደም በምትባል ስፍራ በነበራቸው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጫፉ ያልለበሰ አረር ሠርተው ነበር፤ ሥጋ ሲያገኝ እርሳሱ ይዘረጋና ቁስሉን ያሰፋዋል። በ1899 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሄግ ጉባኤ፣ ልባሱ ውስጡን ሙሉ በሙሉ ያልሸፈነ ወይም የተሰነጣጠቀ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ የሚል መግለጫ አወጣ። አዳኞች ግን አውሬው ቆስሎ ከመሸሽ ይልቅ ቶሎ እንዲወድቅ ስለሚፈልጉ ጫፉ የተገለጠውን እስከ ዛሬ ይመርጣሉ።

መዳቡን ያመጣው ባሩድ ነው። በዓድዋ ዘመን በብዙ ኢትዮጵያዊ ተዋጊ እጅ የነበረው ውጅግራ፣ ማለትም የፈረንሳዮቹ የ1874 ግራ ጠመንጃ፣ የሚተኩሰው 11 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ወረቀት ብቻ የተጠቀለለበት እርሳስ ነበር። በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ለሚሄድ አረር ወረቀት ይበቃል። በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የሌበል ጠመንጃ አረሩን በሰከንድ ከ600 ሜትር በላይ ወረወረው። በዚህ ፍጥነት የሚገፋ ባዶ እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ ያለውን ጥምዝ ቦይ ይዞ መሽከርከር ያቅተዋል፤ እየተላጠ ቦዩን ይደፍነዋል። መላው ግን ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በስዊዘርላንድ ቱን ከተማ የጥይት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ሩቢን በ1882 እርሳሱን መዳብ አልብሶታል። ቀጥሎ ብዙ አገሮች መዳብን ከኒኬል ጋር ቀላቅለው ሞከሩ፤ ይህም በተራው በአፈሙዝ ውስጥ የሚጣበቅ ቅርፊት እየተወ አስቸገረ። ዛሬ የተለመደው መዳብ ከ5 እስከ 10 በመቶ ዚንክ የተጨመረበት ነው።

ይህን ሥራ ከፋብሪካ ወደ ጋራዥ ያወረደው ደግሞ እጥረት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ መዳቧን ሁሉ ለጦርነቱ ስታውል፣ በ1943 የአንድ ሳንቲሟን ገንዘብ እንኳ ዚንክ በተቀባ ብረት እስከ መምታት ደርሳ ነበር። ለአዳኝ የሚሸጥ አረር ከገበያ ጠፋ። ያን ጊዜ አንዳንድ ብልሆች ዓይናቸውን በተኩስ ሜዳ ላይ ወድቆ በቀረው የትንሿ 22 ካሊበር ጥይት ባዶ የናስ ቀለህ ላይ ጣሉ። በአይዳሆ ግዛት ሉዊስተን ከተማ ቬርነን ስፒር፣ በካሊፎርኒያዋ ኦሮቪል ፍሬድ ሀንቲንግተን ይህን ቀለህ ወደ ልባስ ለወጡት። የሀንቲንግተን ድርጅት አርሲቢኤስ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ የሮክ ቸክ አረር መጭመቂያ የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምሕጻር ሲሆን፣ ሮክ ቸክ በዚያ አገር አዳኞች የሚያሳድዷት፣ በዓለታማ ስፍራ የምትኖር ትንሽ አውሬ ናት። ዛሬ ድርጅቱን በሌሎች መሣሪያዎቹ የሚያውቁት ብዙዎች ፊደላቱ ምን እንደሆኑ አያስታውሱም።

እዚህ ላይ ሁለት ተጨማሪ ቃላት ያስፈልጉናል። የመጀመሪያው «ስቦ ማስረዘም» ነው። ከመዳብ ጥቅል የተቆረጠች ክብ ዝርግ፣ በጣት እንደተወጋ ሊጥ መሐሏ ሰርጎ ኩባያ ትሆናለች፤ ኩባያዋ ከቀዳዳ ወደ ጠበበ ቀዳዳ እየተገፋች ትረዝማለች፣ ግድግዳዋም ይሳሳል። ሁለተኛው «ጨምቆ መቅረጽ» ነው፤ እርሳሱ በልባሱ ውስጥ ገብቶ ሳይቀልጥ፣ በግፊት ብቻ ቅርጹን ይይዛል። እርሳስ አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስ ከዚህ የተለየና እጅግ የቆየ ሥራ ስለሆነ ሁለቱን መቀላቀል አይገባም።

መዳብና ናስ በተሳቡ ቁጥር እየደረቁ ስለሚሄዱ፣ በመካከል በእሳት ካልለሰለሱ ይሰነጠቃሉ። የትንሿ ጥይት ቀለህ ግን ኩባያነቷን በፋብሪካ ጨርሳ የመጣች በመሆኗ የቀራት ከንፈሯን ማስተካከል ነው፤ ለዚህም በማንሻ የሚሠራ የእጅ ፕሬስ ይበቃል። አንዳንዴ በፋብሪካ የታተመባት ፊደል በተሠራው አረር መቀመጫ ላይ ይታያል፤ ለእኔ ከነገሩ ሁሉ ውብ ሆኖ ያገኘሁት ይህ ነው። ወፈር ያለውን መዳብ ከዝርግ ጀምሮ ስቦ ማስረዘም ግን ሌላ ጉልበት ይጠይቃል፤ የሃይድሮሊክ ፕሬስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የቀለህ መንገድ ቀላል ቢሆንም፣ ናሱ ስስ በመሆኑ ለከፍተኛ ፍጥነት አይሆንም። የሚስማማው ለትናንሽ አውሬ ነው።

ከጉልበት ይልቅ የሚከብደው እኩልነት ነው። በሰከንድ 800 ሜትር የሚወጣ አረር፣ የቦዩ ጥምዝ በየ25 ሴንቲሜትሩ አንድ ዙር ከሆነ፣ በሰከንድ 3,200 ጊዜ ይሽከረከራል። የልባሱ አንድ ጎን ከሌላው በጥቂቱ ቢወፍር የክብደቱ መሐል ከእንዝርቱ ይወጣል፣ አረሩም እየተንገዳገደ ዒላማውን ይስታል። በትክክለኛነት ከሚወዳደሩ ተኳሾች አንዳንዶቹ ጨምቆ መቅረጹን ራሳቸው እየሠሩ ልባሱን ግን ከሠለጠነ አምራች የሚገዙት ስለዚህ ነው። ከልምምድ ሁሉ በፊት ይህን የሥራ ክፍፍል ማወቅ ብዙ ገንዘብ የሚያድን ይመስለኛል።

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አንድ ሰው ለራሱ መተኮሻ አረር ቢሠራ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሠርቶ ለመሸጥ ግን የጥይት አምራችነት ፈቃድ ግድ ነው፣ ሕጉ አረርን ብቻውንም እንደ ጥይት ይቆጥረዋልና። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና የጥይት ነገር የሚገዛው በ2020 በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ነው፤ በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት ወንጀል ነው።