ከአልጋ ሒሳብ ጋር የተደመረ ሙያ፦ የተሐድሶ ነርሶች የደመወዝ ታሪክ በአሜሪካ

የአከርካሪ አጥንት ጉዳት የደረሰበት ሕመምተኛ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ በቀን ጥቂት ሰዓት ነው። በቀረው ጊዜ ቆዳው እንዳይቆስል የምታገላብጠው፣ ፊኛውንና አንጀቱን የምታለማምደው፣ ቤተሰቡንም የምታስተምረው ነርስ ናት። ይህ ድካም በምን ሚዛን ተመዝኖ ይከፈላል? ስለ አሜሪካ የምናውቀው ታሪክ ለጥያቄው ግልጽ መልስ ይሰጣል።

ዘመናዊው የተሐድሶ ሕክምና የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሥራ የጀመሩት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን፣ ሕመምተኞቻቸው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዙ። በዚህና በፊኛ እንክብካቤ፣ ቀድሞ ለሞት ይዳርጉ የነበሩት የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ቀነሱ። ትእዛዙ የሐኪም ቢሆንም ተግባሩ የነርሶችና የረዳቶቻቸው ነበር። በአሜሪካ ዶክተር ሐዋርድ ራስክ ዘርፉን ሲያስፋፉ፣ አሊስ ሞሪሲ በ1951 ስለ ተሐድሶ ነርሲንግ የመማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ።

ዕውቀቱ ቢያድግም ክፍያው እኩል አልተራመደም። ምክንያቱ በሆስፒታል የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። የሐኪሙ ምርመራና የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ለየብቻ ዋጋ ሲተመንላቸው፣ የነርሷ ሥራ ከምግብና ከአልጋ ሒሳብ ጋር ተደምሮ ቀረ። በመዝገብ ላይ ገቢ ያላስገባ ሥራ በአስተዳዳሪዎች ዓይን ወጪ ብቻ መስሎ ይታያል።

ሕጉም አላገዘም። በ1947 የወጣው የታፍት ሃርትሊ ሕግ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎችን ከሠራተኞቻቸው ጋር በኅብረት ከመደራደር ግዴታ ነጻ አደረጋቸው። ይህ የተሻረው በ1974 ሲሆን፣ የተሐድሶ ነርሶች ማኅበር የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው። የዴንቨር ከተማ ነርሶች ደመወዛችን ከዛፍ ቆራጮችና ከሰሌዳ ጻፊዎች እንኳ ያንሳል ብለው ያቀረቡትን ክስ ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1980 ውድቅ አደረገው።

ከ1984 ጀምሮ ለተሐድሶ ነርሶች የብቃት ማረጋገጫ ፈተና ይሰጣል። ለመፈተን በአብዛኛው ቢያንስ የሁለት ዓመት የዘርፉ ልምድ ይጠየቃል። ማረጋገጫው ክብርና የዕድገት በር ቢሆንም፣ በራሱ ደመወዝ የሚጨምረው ቀጣሪው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሜዲኬር ከ2002 ጀምሮ ለተሐድሶ ሆስፒታሎች በአንድ ሕመምተኛ ቆይታ አስቀድሞ የተተመነ ዋጋ መክፈል ጀመረ። ሕመምተኛው በአብዛኛው በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ቴራፒ እንዲያገኝ ይጠበቃል፤ ሰዓቱም በጥንቃቄ ይመዘገባል። የነርሷ ሃያ አራት ሰዓት ግን ለብቻው ዋጋ የለውም።

የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ የተሐድሶ ነርሶችን ለይቶ አይቆጥርም፤ ከተመዘገቡ ነርሶች ሁሉ ጋር ይደምራቸዋል። በግንቦት 2024 የእነዚህ ነርሶች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 93,600 ዶላር ነበር። በሆስፒታል 97,260፣ በአረጋውያንና በመሰል የእንክብካቤ ተቋማት ደግሞ 81,820 ዶላር ነበር። የተሐድሶ ነርሶች በሁለቱም ስለሚሠሩ፣ አንድ ዓይነት ሙያ ያላት ነርስ በምትሠራበት ደጃፍ ምክንያት ብቻ ገቢዋ ይለያያል። የግዛት ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል፤ በ2023 አማካዩ በካሊፎርኒያ 137,690፣ በሳውዝ ዳኮታ 69,030 ዶላር ነበር። የኑሮ ውድነት፣ የሠራተኛ ማኅበራት ጥንካሬ፣ የሌሊት ተረኛነትና የአገልግሎት ዘመን ሁሉ በዚህ ውስጥ ድርሻ አላቸው።

ይህ ታሪክ ለእኛም ይጠቅማል። ተሐድሶን በስሙ የያዘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ከተቋቋመ ወዲህ አገልግሎቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዳዲስ የተሐድሶ ክፍሎች ሲታቀዱ የምንገዛቸውን መሣሪያዎች ዋጋ በዝርዝር እናሰላለን። በሌሊት ስምንት ሰዓት ሕመምተኛውን የምታገላብጠው ነርስ ድካምም በዕቅዱ ላይ የራሱ መስመር ይገባዋል። ያልተቆጠረ ሥራ በቂ ክፍያ አያገኝም፤ ልምድ ያላት ነርስ ሥራዋን ትታ ስትሄድም ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው በሕመምተኛው ቆዳ ላይ ነው።