ሁለተኛው ቤት፦ ሐምሌ 1967 ለዛሬ ቤት አከራይ ምን ይነግረዋል?

ገንዘብ የያዘ ሰው ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ያከራይ ወይስ ብሩን ንግድ ላይ ያዙር? መካነ ሰላምም ይሁን ደሴ ወይም አዲስ አበባ፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ ይህ ክርክር አይጠፋም። ወጣቱ «ቤት አያከስርም» ይላል። ዕድሜው የገፋው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ዝም ነው። ዝምታው ምክንያት አለው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። የገጠር መሬት የካቲት 25 ከታወጀ አምስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። አንድ ቤተሰብ የሚቀርለት አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሆነ፤ ለመኖሪያ የሚያዘው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደረገ፤ ግለሰብ ቤት ማከራየት ተከለከለ። ለቦታው ካሳ አልታሰበም።

የአዋጁ ደጋፊዎች የሚያነሱት ነጥብ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፋፊው ቦታ በመኳንንቱና በጥቂት ባለሀብቶች እጅ ነበር። ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ሲቀነስ ለቀን ሠራተኛና ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ እፎይታ ነበር። ይህን የሚክድ የቤት ባለሀብት ታሪኩን ግማሹን ብቻ ነው የሚያወራው።

ችግሩ አዋጁ የቆጠረው ቤትን እንጂ ሀብትን አለመሆኑ ነው። አንድ ትልቅ ቪላ ብቻ የነበረው ሰው ቪላው ቀረለት። በትንሽ ከተማ ሁለት የጭቃ ቤት ሠርታ በአንዷ የምትኖር፣ በሌላዋ ኪራይ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ግን ሁለተኛዋን አጣች። በሕጉ ዓይን ትርፍ ቤት ነበራት። እሷንና አምስት ፎቅ የሚያከራየውን ባለሀብት አንድ ስም ጠራቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙም አይወራም፤ ለዛሬ ቤት ሠሪ ግን ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ኪራዩ ለዓመታት ባለበት ቆመ። ከጥቂት ብር ኪራይ ምን ጥገና ይወጣል? ቀበሌው ጣሪያውን አይቀይርም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ አያፈስም። ቆርቆሮው ዛገ፣ ግድግዳው ዘመመ። ኪራዩ ረከሰ፤ አዲስ የሚከራይ ቤት የሚሠራ ግን ጠፋ። ለግለሰብ በሩ እንደገና ገርበብ ያለው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ብዙዎች መሬቱም ይመለሳል ብለው ጠብቀው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደነገገ፤ የዜጋው የሆነው በላዩ የገነባው ነው። የከተማ ቦታ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ 80 ወደ ሊዝ መግባት ጀምሮ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 721 ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ አደረገ። ለልጅ የተረፈ ቤትና ለገዢ የተሸጠ ቤት በሕግ አንድ አይደሉም ማለት ነው። ደላላው ይህን ቀብድ ከመቀበሉ በፊት አይናገርም።

ወደ መካነ ሰላም እንመለስ። የቦረናዋ ከተማ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ሲተከልባት፣ መምህርና የአስተዳደር ሠራተኛ ክፍል ፈላጊ ሆኖ መጣ። እንዲህ ባለ ከተማ ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ክፍል የሚቀጥል ሰው ስሌቱ የዋህ አይደለም፤ ባንክ ያስቀመጠውን ብር የዋጋ ንረት ሲበላው አይቷል። «ንግድ ይሻላል» የሚለውም ተሳስቷል አይባልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ በግጭት ሲታመስ፣ ዕቃውን ጭኖ መውጣት የቻለ ነጋዴ አለ፤ ቤት ግን አይጫንም። ተከራዩ ሲሄድ ክፍሉ ባዶውን ይቀራል።

አሁን ደግሞ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320 አለ። ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ ሳይበልጥ፣ ጭማሪውም በመንግሥት ልክ ይላል። አከራዮች «ስልሳ ሰባት ተመለሰ» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ ማጋነን ነው፤ ማንም ቤቱን አልተወረሰም። ተከራይም በየስድስት ወሩ ዕቃውን ተሸክሞ ሲዞር የኖረ ሰው ነው። ሆኖም ጭማሪው ከጥገናና ከሲሚንቶ ዋጋ በታች ከሆነ፣ የቀበሌ ቤቶቹ ጣሪያ ላይ የታየው መታየቱ አይቀርም።

ዝም ስላሉት አዛውንቶች አንድ ነገር ይቀራል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 በደርግ ዘመን የተወሰዱ ንብረቶች ጉዳይ እንዲታይ መንገድ ከፍቷል። የሚመለከተው ግን ከአዋጅ ውጭ የተወሰዱትን ነው። በአዋጅ 47 መሠረት፣ በደንቡ የተወረሰች ሁለተኛ ቤት በዚህ በር አትገባም።