ባቲያንና ኔሊዮን፦ ከአንኮበር እስከ ናኑኪ የዘለቀ ታሪክ

ከሞያሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚጓዝ መንገደኛ የማርሳቢትን ምድረ በዳና ኢሲዮሎን አልፎ ወደ ናኑኪ ደጋ ሲወጣ፣ ማለዳና ሰማዩ የጠራ ከሆነ፣ በስተግራው ሁለት የሾሉ የድንጋይ ጫፎች ጎን ለጎን ቆመው ያያል። ረፋዱ ላይ ከደረሰ ግን የሚያየው ደመና ብቻ ነው። ከሁለቱ ከፍ የሚለው ባቲያን 5,199 ሜትር፣ ታናሹ ኔሊዮን 5,188 ሜትር ነው። በአፍሪካ ከኪሊማንጃሮ በቀር የሚበልጣቸው ተራራ የለም። እነዚህ ጫፎች የጥንት እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ናቸው። እሳቱ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ዓመታት በፊት ከጠፋ በኋላ በዙሪያው የነበረውን ልል አካል በረዶና ዝናብ ሸርሽረው ሲወስዱት፣ በጉሮሮው ውስጥ ረግቶ የጠጠረው ዐለት ብቻውን ቀረ።

የኪኩዩ ሕዝብ ተራራውን ኪሪኛጋ ብሎ የእግዚአብሔር፣ ማለትም የንጋይ ማደሪያ አድርጎ ሲያከብረው ኖሯል፤ ጸሎቱንም ፊቱን ወደዚያው አዙሮ ያደርስ ነበር። አውሮፓውያን ስለ ተራራው የጻፉት ታሪክ ግን መነሻው ከሸዋ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድዊግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 በአንኮበር፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። በዚያም የኦሮምኛን ቋንቋ አጥንቶ የወንጌልን ክፍሎች መተርጐም ጀመረ። በ1842 ከአንኮበር ወጥቶ ሲጓዝ ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የተባለ ባላባት አግቶ ንብረቱን ዘረፈው፤ ወደ ሸዋ ለመመለስ ቢሞክርም ንጉሡ አልፈቀዱለትም። ክራፕፍ ግን አሳቡን አልተወም። ከሰሜን የተዘጋበትን በር ከደቡብ ሊከፍት አስቦ፣ ወደ ኦሮሞ ምድር የሚያደርስ መንገድ ፍለጋ በ1844 ሞምባሳ ገባ። በዚያው ዓመት ሚስቱንና አራስ ልጁን በሞምባሳ ቀበረ። ወደ ኦሮሞ ምድር የሚያደርሰውን መንገድ ሳያገኝ ቀረ፤ በምትኩ ያገኘው ያልፈለገውን ተራራ ነው።

ዲሴምበር 3 ቀን 1849፣ ኪቮይ በተባለው የካምባ አለቃ አገር በኪቱዪ ሳለ ደመናው ተገለጠና እንደ ቀንድ የቆሙ ሁለት ጫፎች፣ በላያቸውም ነጭ ነገር አየ። ካምባዎች ተራራውን የሰጎን ተራራ ይሉት ነበር ይባላል፤ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት መልኩ የወንድ ሰጎንን ላባ ስለሚመስል ነው። ኬንያ የሚለው ስም የመጣው ክራፕፍ ከእነርሱ ሰምቶ ከመዘገበው ቃል ነው፤ የተራራው ስም በ1920 ለቅኝ ግዛቱ በሙሉ ተሰጠ። ለንደን የነበረው የጂኦግራፊ ሊቅ ዴዝቦሮ ኩሊ ግን በምድር ወገብ ላይ በረዶ አለ መባሉን አላመነም። አፍሪካን በወንበሩ ተቀምጦ የሚያጠና ሰው፣ በእግሩ ሄዶ ያየውን ሐሰተኛ አደረገው። ስኮትላንዳዊው ጆዜፍ ቶምሰን በ1883 ተራራውን አይቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ ክርክሩ አልበረደም።

ወደ ባቲያን ጫፍ መጀመሪያ የወጡት እንግሊዛዊው ሃልፎርድ ማኪንደርና ሁለት የአልፕስ መሪዎቹ፣ ኦሊዬና ብሮሼሬል ናቸው፤ ቀኑም ሴፕቴምበር 13 ቀን 1899 ነበር። ጫፎቹን በማሳይ መሪዎች ስም የሰየማቸውም ማኪንደር ነው። ባቲያን በ1890 ገደማ የሞተው ታላቁ ላይቦን ምባቲያን ሲሆን፣ ኔሊዮን ወንድሙ፣ ሌናና ደግሞ ልጁ ነው። በተራራው ሥር የሚኖሩት ኪኩዩ፣ ኤምቡና ሜሩ መሆናቸው ሲታሰብ ስያሜው የጎረቤትን ቤት በሌላ ሰው ስም እንደ መጥራት ነው። ኔሊዮን ላይ እስከ 1929 ድረስ፣ ሺፕተንና ዊን ሃሪስ እስኪወጡበት፣ ማንም አልደረሰም።

ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ታሪክ በጦርነቱ ዘመን ሆነ። በጁላይ 1940 ጣልያኖች በኬንያ በኩል ያለውን የሞያሌ ምሽግ ያዙ፤ በተከታዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ግን ከእጃቸው ወጣ። አዲስ አበባ ስትለቀቅ ከተማረኩት ቅኝ ገዢ ሹማምንት አንዱ ፌሊቼ ቤኑትሲ ነበር። በናኑኪ እስረኞች ሰፈር ታጉሮ ሳለ አንድ ሌሊት ደመናው ተገልጦ ጫፎቹን አየ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አሳብ አልያዘውም። ከሐኪሙ ባሌቶና ከባርሶቲ ጋር በድብቅ ተዘጋጁ። ከመዶሻ የበረዶ መጥረቢያ፣ ከእሾህ ሽቦና ከመኪና ጭቃ መከላከያ የጫማ ጥርስ፣ ከአልጋ መረብ ቃጫ ገመድ ሠሩ። ስለ ተራራው ከነበሯቸው ጥቂት መረጃዎች አንዱ በሥጋ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነበር። በጃንዋሪ 1943 አምልጠው ወጡ። ባርሶቲ ታሞ ከታች ቀረ፤ ሁለቱ ባቲያንን ሞክረው ሲያቅታቸው 4,985 ሜትር ከፍታ ባለው ሌናና ላይ የጣልያንን ባንዲራ ተከሉ። ከዚያም በገዛ ፈቃዳቸው ወደ እስር ቤቱ ተመለሱ። የሰፈሩ አዛዥ የ28 ቀን ቅጣት ፈረደባቸውና ስፖርታዊ ድፍረታቸውን አድንቆ በ7 ቀን ለቀቃቸው። ታሪኩ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ሰውየው ከሁለት ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ምድር የወረራ አስተዳደር ሹም እንደ ነበረ አንባቢ ባይዘነጋ መልካም ነው።

ስፍራው በ1949 ብሔራዊ ፓርክ፣ በ1997 ደግሞ የዓለም ቅርስ ሆነ። በዚያው በሌናና ጫፍ ላይ፣ በዲሴምበር 1963 የነፃነት ሌሊት፣ ኪሶይ ሙኛዎ የኬንያን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀለ። በአጠገቡ ያለው የሉዊስ የበረዶ ግግር ያን ጊዜ ሰፊ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ክፍሉ ቀልጦ ጠፍቷል፤ ክራፕፍ አየሁ ብሎ ያልታመነበት ነጭ ነገር ከዐለቱ ላይ እየለቀቀ ነው።