ኪለር ሱዶኩ

ኪለር ሱዶኩ የሱዶኩ ጨዋታ አንዱ ዓይነት ሲሆን፣ የተራውን ሱዶኩ ደንቦች ከመደመር ጋር ያጣመረ የቁጥር እንቆቅልሽ ነው። ስሙ «ገዳይ ሱዶኩ» እንደማለት ነው፤ ቢያስፈራም የሚጠይቀው ሂሳብ ከመደመርና ከመቀነስ አያልፍም። በተራው ሱዶኩ አንዳንድ ቤቶች ከመጀመሪያው ተሞልተው ይቀርባሉ፤ በኪለር ሱዶኩ ግን ብዙውን ጊዜ ሰንጠረዡ ባዶ ነው። ለፈቺው የሚሰጠው ድምር ብቻ ነው።

ደንቦች

ሰንጠረዡ 9 ረድፍና 9 ዓምድ፣ በጠቅላላው 81 ቤቶች አሉት። እነዚህም 3 በ3 በሆኑ 9 ክፍሎች ተከፍለዋል። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በየረድፉ፣ በየዓምዱና በየክፍሉ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። እስከዚህ ድረስ ከተራው ሱዶኩ አይለይም። አዲሱ ነገር፣ ጎረቤት የሆኑ ቤቶች በነጠብጣብ መስመር ታጥረው «ቅጥር» መሥራታቸው ነው። በቅጥሩ ጥግ የተጻፈው ትንሽ ቁጥር በውስጡ የሚገቡት ቁጥሮች ድምር ነው። በአንድ ቅጥር ውስጥም አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ አይገባም።

ይህን የመጨረሻ ደንብ ጀማሪዎች ይዘነጉታል። ሦስት ቤት ያለውና እንደ ማዕዘን የታጠፈ ቅጥር በሁለት ክፍሎች ላይ ሲያርፍ፣ ጫፍና ጫፍ ያሉት ቤቶች በረድፍም በዓምድም በክፍልም ላይገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ በተራው ሱዶኩ ደንብ ብቻ ቢሆን 1፣ 2 እና 1 ገብተው ድምሩ 4 ሊሆን በቻለ ነበር። በኪለር ሱዶኩ ግን የባለ3 ቤት ቅጥር ትንሹ ድምር 6 ነው።

ታሪክ

የዛሬው ሱዶኩ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በዴል መጽሔቶች «ነምበር ፕሌስ» በሚል ስም ታተመ። የፈጠረው ሃዋርድ ጋርንስ የተባለ አርክቴክት እንደሆነ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒኮሊ የተባለው የጃፓን አሳታሚ ለአገሩ አንባቢዎች አቀረበው። ኪለር ሱዶኩም በ1990ዎቹ አጋማሽ በጃፓን የታወቀ ነበር። የለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጣ ተራውን ሱዶኩ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ኪለር ሱዶኩን ደግሞ በ2005 ማተም ጀመረ፤ ጨዋታው ከጃፓን ውጭ የተስፋፋውም ከዚያ በኋላ ነው።

አፈታት

መነሻው በጣም ትንሽ ወይም በጣም ትልቅ ድምር ያላቸው ቅጥሮች ናቸው፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት አሞላል ብቻ አላቸው። በባለ2 ቤት ቅጥር 3 ማለት 1 እና 2፣ 4 ማለት 1 እና 3፣ 16 ማለት 7 እና 9፣ 17 ማለት 8 እና 9 ነው። በባለ3 ቤት ቅጥር 6፣ 7፣ 23 እና 24፣ በባለ4 ቤት ደግሞ 10፣ 11፣ 29 እና 30 እንደዚሁ አንድ መልክ ብቻ አላቸው። ሁለት መልክ ያለው ድምርም ቢሆን አንዳንዴ ይረዳል። የባለ3 ቤት 8 ወይ 1፣ 2፣ 5 ወይ 1፣ 3፣ 4 ነው፤ የትኛውም ይሁን 1 በውስጡ አለ።

ሁለተኛውና ዋናው መሣሪያ 45 ነው። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ድምር 45 ስለሆነ እያንዳንዱ ረድፍ፣ ዓምድና ክፍል 45 ይደርሳል። አንድ ክፍል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያሉት ቅጥሮች 8 ቤት ይዘው 38 ከሆኑ፣ የቀረው ቤት 7 ነው። ቅጥሮቹ ክፍሉን ሸፍነው አንድ ቤት ወደ ውጭ ቢያልፉና ድምራቸው 51 ቢሆን፣ ያለፈው ቤት 6 ነው። ሁለት ረድፎች አንድ ላይ ሲታዩ 90፣ ሦስት ሲሆኑ 135 ይሆናሉ።

አስተሳሰቡ ባሕረ ሐሳብ ለተማረ ሰው እንግዳ አይደለም። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ስለሚሆኑ አንዱን ያወቀ ሌላውን በመቀነስ ያገኛል፤ ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. አበቅቴ 1 ስለሆነ መጥቅዕ 29 ነው። እዚህ የ30ን ቦታ 45 ይዟል።

አንድ ረድፍ ለምሳሌ እንውሰድ። በውስጡ ባለ2 ቤት የሆኑ አራት ቅጥሮች አሉ፤ ድምራቸውም 3፣ 17፣ 7 እና 13 ነው። አራቱ ሲደመሩ 40 ስለሚሆኑ ዘጠነኛው ቤት 5 ነው። ይህ ቤት በሥሩ ካለው ቤት ጋር 9 የሚሆን ቅጥር ከሠራ፣ የሥረኛው 4 መሆኑም ወዲያው ይታወቃል። ወደ ረድፉ ስንመለስ፣ 3 ማለት 1 እና 2 ነው፤ 17 ማለት 8 እና 9 ነው። 7 በ1 እና 6፣ በ2 እና 5፣ በ3 እና 4 ሊሞላ ይችል ነበር፤ 1 እና 2 ስለተያዙ ግን 3 እና 4 ብቻ ይቀራሉ። ለ13 የሚተርፈው 6 እና 7 ነው።

አሁን የአራቱም ቅጥሮች ቁጥሮች ታውቀዋል፤ 1 ከ2 በስተቀኝ ይሁን በስተግራ ግን አልታወቀም። ድምር በቅጥሩ ውስጥ ማን እንዳለ እንጂ የት እንደተቀመጠ አይናገርም፤ ቦታውን የሚወስኑት ዓምዶቹና ክፍሎቹ ናቸው። መደመሩ ቀላል ሆኖ ሳለ ጨዋታው የሚከብደው በዚህ ነው። ስለዚህ ፈቺዎች ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በየቤቱ ጥግ በእርሳስ አሳንሰው ይጽፋሉ፤ አዲስ ነገር በተገኘ ቁጥርም ይሰርዛሉ። በግምት መሙላት ግን አያዋጣም፤ የተሳሳተው ቁጥር ብዙ ቤቶች ከተሞሉ በኋላ ስለሚገለጥ ስህተቱ የት እንደጀመረ ለማግኘት ያስቸግራል። በሚገባ የተዘጋጀ እንቆቅልሽ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው።

ከተራው ሱዶኩ ጋር ያለው ልዩነት

ተራው ሱዶኩ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ቢያንስ 17 ቤቶች ተሞልተው መቅረብ አለባቸው፤ ይህንም ጋሪ ማክጓየር የተባሉት የደብሊን ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በኮምፒዩተር አሳይተዋል። በኪለር ሱዶኩ ግን ድምሮቹ ይህን ሥራ ስለሚሠሩ የተሞላ ቤት ባይኖርም ይቻላል። ሌላው ልዩነት በምልክቶቹ ላይ ነው። ተራው ሱዶኩ ቁጥር የግድ አያስፈልገውም፤ ዘጠኝ ፊደላት ወይም ዘጠኝ ሥዕሎችም ይበቁታል። ኪለር ሱዶኩ የሚደመሩ ቁጥሮችን ይፈልጋል። የግዕዝ አኃዝ ለሁለቱም ይሆናል፤ ዜሮ ባይኖረውም ሰንጠረዡ ዜሮ አያስፈልገውምና። ከ፩ እስከ ፱ ቤቶቹን ሲሞሉ፣ በቅጥሩ ጥግ ፲፯ የተጻፈበት ባለ2 ቤት ቅጥር ፰ እና ፱ን ይይዛል።