ከፍል ውሃ እስከ ዩኒቨርሲቲ ደጅ፦ የአምቦ ነዋሪ በአንድ ክፍለ ዘመን

አምቦን መጀመሪያ ከተማ ያደረጋት ውሃዋ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ መገኘቷ ገበያና አስተዳደር አመጣላት። ፍል ውሃዋ ደግሞ ፈውስ ፈላጊውንና መኳንንቱን ሳበ። በ1922 ዓ.ም. ገደማ የማዕድን ውሃው በጠርሙስ እየታሸገ መሸጥ ጀመረ። «ሀገረ ሕይወት» የተባለችውም ስለዚሁ ውሃ ነው። በአጭሩ፣ በዚያ ዘመን ወደ አምቦ የሚመጣው ነጋዴ፣ ሹምና ታማሚ ነበር።

በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሲከፈት አዲስ ምዕራፍ ተጀመረ። ቀስ በቀስም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚፈልጉ የዙሪያው ልጆች አምቦን መሰብሰቢያቸው አደረጉ። የአቅራቢያዋ የጄልዱ ወረዳ ገበሬ ልጁን ለትምህርት ሲልክ አብሮ የሚልከው ስንቅ ነበር፤ ድንች፣ ገብስ፣ ቆሎ። ሦስት አራት ልጆች አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ ተራ እየገቡ እያበሰሉ ይማራሉ። የዛሬው የተማሪ ሰፈር ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የመጣው ቀድሞ በተተከለ ልማድ ላይ ነው።

የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ይህን ልማድ ለጊዜው ገታው። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ግለሰብ ቤት እንዳያከራይም ተከለከለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ኪራይ እንደገና ሲፈቀድ ግን ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ ቤት መደርደር የከተማው ነዋሪ ዋና የገቢ ምንጭ ወደ መሆን ተሸጋገረ። ከ1987ቱ ቆጠራ በፊትም በኋላም ከተማዋ ማደጓን አላቋረጠችም፤ በ1999 ዓ.ም. ነዋሪዋ 48,171 ደርሶ ነበር።

ትልቁ መታጠፊያ የመጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከእርሻ ትምህርት ቤቱ ያደገው ኮሌጅ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ካምፓሶቹም ወደ አዋሮ፣ ወደ ጉደርና ወደ ወሊሶ ተዘረጉ። መደበኛ ተማሪው ከመላው አገር በትምህርት ሚኒስቴር ተመድቦ ዶርም ስለሚገባ ሰፈሩን በቀጥታ አይሞላውም። የሚሞሉት ሌሎች ናቸው፦ መምህራንና ሠራተኞች፣ የማታና የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች፣ ለእነርሱ ምግብ ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤትና ጁስ ቤት የሚከፍቱ፣ ባጃጅ የሚነዱ ከገጠር የመጡ ወጣቶች። የዚህ ሕዝብ ጠባይ መፍሰስ ነው፤ የትምህርት ዘመን ሲከፈት ሰፈሩ ይጠባል፣ ክረምት ሲገባ የሰርቪስ ክፍሎቹ በሮች ይቆለፋሉ። አከራይዋ ኑሮዋን በዚህ ዑደት ላይ ትመሠርታለች።

ይህ መስፋፋት ያረፈው በገበሬ መሬት ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የተወሰደበት ገበሬ የሚከፈለው ካሳ የዓመት አማካይ ገቢውን አሥር እጥፍ ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 እጥፉን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው። ሆኖም ካሳው ያልቃል፣ መሬቱ ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፍ ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ላይ የተነሣው ተቃውሞ አምቦ ላይ የበረታው፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በአቅራቢያዋ ጊንጪ ከተማ ላይ የተቀጣጠለው፣ በእኔ ግምት በዚህ ምክንያት ነው፦ ተማሪው የገበሬ ልጅ፣ የሚወሰደውም የአባቱ ማሳ ነበር። የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ የዚያ ትውልድ ድምፅ ሆነ፤ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ካምፓስ በስሙ ተሰይሟል።

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ደጅ ነዋሪ ስንት እንደሆነ የሚነግረን አዲስ ቆጠራ የለም፤ የውሃ መስመር፣ የጤና ጣቢያና የትምህርት ቤት ዕቅድ ግን በዚያው አሮጌ ቁጥር ላይ በተመሠረተ ግምት የቆመ ነው። የሚቀጥለው ቆጠራ ሲመጣ ቋሚውን ብቻ ሳይሆን ተከራዩንም፣ መሬቱን አጥቶ ከተማ የገባውን ገበሬም ይቁጠር።